ሸክላ ሠሪዋ በገል ስትበላ

ባለፈው እሑድ ጊንጆ ጉዱሩ አንድ ወዳጄ ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። የእህቱ ልጅ ከአሜሪካ መጥቶ ስለነበር እንኳን ደህና መጣህ ለማለት ነው። ልጁ ታዲያ ለአጎቱ ሸሚዝ ወይም ጫማ አላመጣም። በላስቲክ የታሸገ ትልቅ ሸክላ ነው ይዞለት የመጣው። የዋልያስ ባንድ «ቼ በለው»! እ.ኤ.አ. በ1977 ወጥቶ፣ በ2014 አሜሪካ ውስጥ እንደ አዲስ የታተመው።

ወዳጄ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየውና ሳቀ። «ይኼማ እኔ ቤት ነበረ! ልጆቹ ግቢ ውስጥ እንደ ጎማ ሲያሽከረክሩት ተሰበረ እንጂ።»

በሉ እንስማው ተባለ። ማጫወቻ የለም። ጎረቤት ተላከ፤ እዚያም የለም። አንዱ ጎረቤት እንዲያውም «የአባቴ ነበረ፤ ለቆራሌው ሰጠነው» ሲል መልስ ላከ። በመጨረሻ ሸክላውን ረከቦቱ አጠገብ እንደ ሠርግ ፎቶ አቆምነውና ሙዚቃውን በሞባይል ሰማነው። የሞባይል ድምፅ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ጣሳ ውስጥ የገባ ዝንብ ነው።

ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች የሚባለው ለካ ለእኛ ኖሯል!

አንዱ እንግዳ ግን ነገሩን ወዲያው ወደ ሌላ ወሰደው። «ፈረንጆቹ እኮ ዘረፉን! ቡናችንን ወሰዱ፣ አሁን ደግሞ ሙዚቃችንን!» ቤቱ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔ አልነቀነቅሁም። የዘረፋው ወሬ ደስ የሚለን ከራሳችን ጥፋት ነፃ ስለሚያወጣን ነው እላለሁ። ለምን እንደምል ልንገራችሁ።

«ቼ በለው»ን የሠሩት ሰዎች ዘመኑ እንዴት እንደነበር ያውቁታል። ቀይ ሽብር ነው፤ ሰዓት እላፊ ነው። የምሽት ታዳሚ ሙዚቃ ቤት ከገባ በር ተዘግቶበት እስኪነጋ ይቆያል፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። በዚያ ጭንቅ ውስጥ ነው ኃይሉ መርጊያ ኦርጋኑን የተጫወተው። ቫይብራፎኑን የመታው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1943 እዚሁ ጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ ነው። ያ ከአሜሪካ የመጣ ሸክላ የጅማ ልጅ እጅ ያረፈበት ነበር ማለት ነው። ከተሰበሰብነው አንዳችንም ይህን አላነሳንም።

ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1981 ለጉዞ ወደ አሜሪካ ሄደ። ኃይሉ እዚያው ቀረ። ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ እየነዳ ብዙ ዓመታት አለፉት፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ መኪናው ውስጥ በትንሽ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር። በዚያች ከተማ ያለው ሐበሻ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ አትጠይቁኝ። ስንቱ ከኋላ ወንበሩ ተቀምጦ ሒሳብ ከፍሎ ወርዶ ይሆን? ከዚያ ብሪያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ባሕር ዳር ካሴት መደብር ገብቶ አንድ የኃይሉ ካሴት ያገኛል። ሰውየውን አፈላልጎ ይደውልለታል። እ.ኤ.አ. በ2013 ያንን ሥራ፣ በዓመቱ «ቼ በለው»ን፣ በ2021 ደግሞ «ትዝታ»ን እንደገና አሳተመ። አሳታሚው ትርፉን ከሙዚቀኛው ጋር እኩል እንደሚካፈል በአደባባይ ተናግሯል። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ።

እንግዲህ ዘራፊው ማነው? ካሴቱ ባሕር ዳር መደርደሪያ ላይ ነበረ። እኛም ባሕር ዳር ነበርን።

የምር የተዘረፉ የሉም አላልኩም። ያለ ፈቃድ እያሳተሙ የሸጡ አሉ፤ ፈረንጅም ይሁኑ ሐበሻ ሌቦች ናቸው። ለዚህም ነው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው። ግን ያ «ተዘረፍን» ያለው እንግዳ ራሱ ከኪሱ ፍላሽ አውጥቶ፣ ሱቅ ሄዶ በጥቂት ብር ሦስት መቶ ዘፈን ያስሞላ ሰው ነው። ከሦስት መቶው ዘፈን ባለቤቶች ለአንዳቸው እንኳ ሳንቲም አልደረሰም። ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። ልዩነቱ እኛ ከጅቡም ጋር መብላታችን ነው።

የቡናው ምሳሌም ቢሆን አያዋጣም። ለረጅም ዓመታት ለውጭ ገበያ የተመረጠውን ቡና አገር ውስጥ መሸጥ ክልክል ነበር። የሊሙና የአጋሮ ምርጡ በጆንያ ሆኖ ሲያልፍ፣ ለእኛ ለባለቤቶቹ የሚቀረው ተለቅሞ የተጣለው ነው። አምራቹ በዚህ ቢማረር እውነት አለው። ሙላቱን ጅማ ላይ እንዳናዳምጥ የከለከለን ሕግ ግን ወዴት አለ? ደግሞ ቡና ተጭኖ ከሄደ ሄደ ነው። ሙዚቃ እንዲያ አይደለም። ለንደን አሥር ሺህ ቅጂ ቢያሳትም፣ እኛ ዘንድ ያለው ከነበረበት አይቀነስም። የሚቀነሰው ልጆች ሲያሽከረክሩትና ቆራሌው ሲወስደው ነው።

«ጤፍ በተወደደበት ዘመን ሸክላ ምን ይሠራል?» የሚለኝ አይጠፋም። እያንዳንዱ ቤት ይግዛ መች አልኩ? አንድ ሸክላ ከ20 ዶላር በላይ ነው፤ ለደመወዝተኛ አይቀመስም። የምለው ከተማዋ አንድ ማጫወቻና አንድ መደርደሪያ ይኑራት ነው። በዚህ ጉዳይ አንድ መሥሪያ ቤት ጎራ ብዬ ነበር። «በጀት የለም» አሉኝ። በዚያው ሳምንት ስለ ባህል እሴቶች የሁለት ቀን ዓውደ ጥናት ነበራቸው፤ ከነአበሉ፣ ከነምሳው፣ ከነባነሩ። ከዚያ አበል የጥቂት ሰዎቹ ብቻ የሙላቱን ሥራዎች ከነማጫወቻው ይገዛ ነበር። ባህል ስንል ንግግሩን ነው መሰለኝ የምንወደው።

እስኪ አስቡት። ጅማ ሙዚየም አላት፤ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አላት፤ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ አላት። ጂም ጃርሙሽ የሚባል አሜሪካዊ ዳይሬክተር እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ፊልሙ ውስጥ የሙላቱን ሙዚቃ አስገብቶ ዓለምን አሰማ። የጅማ ተማሪ ግን ይህ ሰው የከተማው ልጅ መሆኑን የሚሰማው ከማን ነው? ከመጽሐፍት ቤት አንድ ጥግ ተነሥቶ፣ አንድ ወጣት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ያንን ቫይብራፎን በትክክለኛው ድምፅ ቢሰማ፣ ነገ ሌላ ሙላቱ እንደማይወጣ በምን እናውቃለን?

እስከዚያው ግን ከመንግሥት በፊት እኛ እንጀምር። አልጋችሁ ሥር፣ ቆጥ ላይ፣ የአባታችሁ ሳጥን ውስጥ ያለውን አውጡና እዩት። አቧራውን ጥረጉ። ማን እንደዘፈነው፣ ማን እንደተጫወተው፣ መቼ እንደወጣ ከሽፋኑ አንብባችሁ ጻፉ። አዛውንቱን ሳይሞቱ ጠይቁ። ቆራሌው ሲጣራ ደግሞ የተቀደደ ጫማ ስጡት።

ወዳጄ ቤት በረካው ከተጠጣ በኋላ የቤቱ እመቤት ጀበናዋን በጥንቃቄ አጥባ፣ ልጆች የማይደርሱበት ከፍ ያለ ቦታ አስቀመጠችው። ሸክላ ነውና ይሰበራል ብላ። ሌላኛው ሸክላ መሬት ላይ፣ ቄጤማው መሃል ወድቆ ቀርቷል።

ጎንበስ ብዬ አነሣሁትና ጀበናው አጠገብ አስቀመጥኩት።