ሱቅም ቅርስ ነው፤ ሆሳዕና ከፒያሳ ትማር

በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ኤክስካቫተር ፒያሳ ሲገባ ብዙ ሰው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ማንሳት ጀመረ። ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ ፈርሰው ሜዳ ሆኑ። ፌስቡኩም ቴሌግራሙም በትዝታ ተጥለቀለቀ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ቤቶቹ ቆመው ሳሉ፣ ጣሪያቸው ሲያፈስ፣ በረንዳቸው ሲዘም የጮኸው ስንቱ ነው?

አሁን የኮሪደር ልማቱ ወደ ክልል ከተሞች ወርዷል። ሆሳዕና በነሐሴ 2015 የተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። መቀመጫ የሆነ ከተማ ደግሞ ቢሮ ይፈልጋል፣ ሆቴል ይፈልጋል፣ ሰፊ መንገድ ይፈልጋል። መሬቱ ይወደዳል፤ መጀመሪያ ዓይን የሚያርፍበትም መንገድ ዳር ያለው አሮጌ ሱቅ ነው። ስለዚህ የፒያሳ ጉዳይ ለሆሳዕና ነዋሪም ሩቅ ወሬ አይደለም።

መነሻው አንድ የተሳሳተ አስተሳሰብ ነው። በእኛ አገር ቅርስ ሲባል ቤተ መንግሥት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና ሐውልት ነው የሚታሰበው። ሱቅ ግን የነጋዴ ጉዳይ ነው ይባላል። ነገር ግን አዲስ አበባን ከተማ ያደረጋት ቤተ መንግሥቱ ብቻ አይደለም። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያ ነው። ሕንዱ፣ አርመኑ፣ ግሪኩ፣ አረቡና አገሬው ነጋዴ ሱቁን የሠራው ያን ገበያ ተከትሎ ነው። የሕንዶቹ የመሐመድ አሊ ኩባንያ በዘመኑ ከአገሪቱ ትልልቅ ነጋዴዎች አንዱ ነበር፤ በ1937 እ.ኤ.አ. ያባረረው የጣሊያን ወራሪ ነው። ከፒያሳ ቀደምት ሕንፃዎች ብዙዎቹን የሠራው ደግሞ አርመናዊው መሐንዲስ ምናስ ኸርቤጊያን ነበር።

እነዚህ ቤቶች እንዴት እንደተሠሩ ማየት ያስፈልጋል። ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ ነው። የታችኛው ግንብ ድንጋይ ነው። ላዩ ቀለል ያለ ነው፤ እንጨት፣ ጭቃና ቆርቆሮ። በረንዳው ወደ መንገዱ ወጥቶ እግረኛውን ከክረምት ዝናብና ከበጋ ፀሐይ ያስጥላል። ነጋዴው ከሱቁ በላይ ስለሚያድር መንገዱ ማታም ሰው አያጣም። ዛሬ በአዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ላይ ሐምሌ ውስጥ ዝናብ የያዘው ሰው የሚጠለልበት ጥግ ሲያጣ፣ ያ በረንዳ ጌጥ ብቻ እንዳልነበር ይገባዋል።

ለማፍረስ የሚቀርበው ዋናው ምክንያት «አርጅተዋል፣ ለሰው ልጅ አይመጥኑም» የሚል ነው። ግማሹ እውነት ነው። አንድ መጸዳጃ ቤት ለብዙ አባወራ፣ የሚያፈስ ጣሪያ፣ የተንጋደደ ደረጃ፤ በዚያ የኖረ ሰው ስቃዩን ያውቀዋል። ያን ኑሮ በትዝታ ማሳመር ነውር ነው። ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ አከራዩ ማን ነበር?

የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ የወጣው በሐምሌ 1967 ነው። ኪራያቸው ከመቶ ብር በላይ የሆኑት ቤቶች ወደ ኪራይ ቤቶች፣ ከዚያ በታች ያሉት ወደ ቀበሌ ገቡ። ኪራዩ ባለበት ቆመ፤ በዚያ ገንዘብ ጣሪያ ቀርቶ ቆርቆሮ አይቀየርም። ተከራዩ የራሱ ስላልሆነ አላደሰም፤ አከራዩም አላደሰም። ግማሽ ክፍለ ዘመን ሳያድስ ኪራይ የሰበሰበ አካል፣ ዛሬ ተነስቶ «ቤቱ አርጅቷልና ይፍረስ» ሲል ዳኛውም ከሳሹም ራሱ ሆነ ማለት ነው። ለእርጅናው ተጠያቂው ቤቱ አይደለም፣ ባለቤቱ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት «የባዕድ ሥራ ነው» የሚለው ነው። ሐረር ጀጎል ውስጥ «የራምቦ ቤት» የሚባለውን የሠራው የሕንድ ነጋዴ ነው። ዛሬ ሙዚየም ነው፤ ከተማዋም በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግባለች። ጎረቤት አስመራ በ2017 እ.ኤ.አ. ስትመዘገብ ከነሲኒማ ቤቷ፣ ከነቡና ቤቷ፣ ከነነዳጅ ማደያዋ ነው። በእንግሊዝ ቼስተር ከተማ በመካከለኛው ዘመን የተጀመሩት ባለ ሁለት ደርብ የሱቅ መተላለፊያዎች ዛሬም ሱቅ ናቸው፤ ጫማና ዳቦ ይሸጥባቸዋል። አሮጌ ሱቅ የሚድነው በመስታወት ውስጥ ተቀምጦ አይደለም፤ ንግዱ ሳይቋረጥበት ነው። አገር ውስጥም ምሳሌ አለ። በ1890ዎቹ የተሠራው ጣይቱ ሆቴል ጥር 2007 በእሳት ክፉኛ ተጎድቶ ነበር፤ ታድሶ ዛሬም እንግዳ ይቀበላል።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የማይንቀሳቀስ ቅርስ ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ከቦታው እንዳይነሳ ይከለክላል። ችግሩ መዝገብ ነው። ያልተመዘገበ ቤት በወረቀት ላይ ቅርስ አይደለም፤ ሲፈርስም ማንም አይጠየቅም።

የሆሳዕናና የዱራሜ አሮጌ ሱቆች የፒያሳን ያህል ግዙፍ አይደሉም። በደቡብ ከተሞች የለመድነው የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ተጣጣፊ የእንጨት በር፣ ውስጡ ባንኮኒ፣ ጓሮው መኖሪያ ነው። የአረብ ሱቅ የሚባለው፣ የጉራጌና የስልጤ ነጋዴ የከፈተው፣ ገበሬው ጨውና ጋዝ የገዛበት። ዋቸሞ የነበረችው ሆሳዕና ከተማ ለመሆኗ ምስክሮቹ እነዚህ ናቸው። ሁሉም ይቁሙ የሚል የለም። ግን ቱሪስት ለመሳብ ተብሎ ያለውን ማፍረስ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው።

ከከተማ አስተዳደሩ የሚፈለገው ከባድ አይደለም። አንድ፣ ማሽን ከመግባቱ በፊት አሮጌ ቤቶች ተቆጥረው ዝርዝሩ ለሕዝብ ይለጠፍ። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ከተማው ውስጥ አለ፤ ተማሪ በሜትርና በካሜራ ሊያግዝ ይችላል። ሁለት፣ የሚፈርሰው ቤት እንኳ ልኩና ፎቶው ይቀመጥ። ሦስት፣ የሚቆመው ፊቱና በረንዳው ተጠብቆ ውስጡ ይታደስ፤ መጸዳጃ ቤትና መብራት ይግባለት። አራት፣ ሱቁ ሲታደስ የመመለስ ቅድሚያው ለነባሩ ነጋዴ ይሁን። ነጋዴው ተባሮ የቀረ አሮጌ ሱቅ ባዶ ቅርፊት ነው።

ይህን ለመጠየቅ ጊዜው ዛሬ ነው፤ ቤቱ ቆሞ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ባለሱቁ ባንኮኒው ጀርባ ተቀምጦ ሳለ። ከፈረሰ በኋላ የሚለጠፍ ፎቶ የለቅሶ ቤት ፎቶ ነው።