እድሳት አትበሉት፤ ልስን ነው

አሮጌ ቮልስ ገዝቶ ማሳደስ የሚያምረው የኛ ዕድሜ ሰው ጥቂት አይደለም። እኛንም ያምረናል። ድቡልቡል ጣሪያዋ፣ የተገረሙ የሚመስሉት ሁለት መብራቶቿ፣ ከኋላ የሚንኳኳው ሞተሯ፣ ሁሉም ደስ ይለናል። ከቮልሷ ጋር ጠብ የለንም። ጠባችን ላይዋ ላይ ከሚመረገው ነገር ጋር ነው። ሳናድበሰብስ እንናገረው፦ በዚህ ከተማ «ሙሉ በሙሉ የታደሰች» እየተባሉ ከሚሸጡት አሮጌ መኪኖች ብዙዎቹ አልታደሱም። ተለሰኑ እንጂ።

ላሜራ ሲጎደጉድ ወይም ሲዝግ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የባቲላሜራው መንገድ ነው። ባለሙያው ከኋላ የብረት መደገፊያ ይዞ ከፊት በመዶሻ ቀስ እያለ ይመታል። የተለጠጠውን ቦታ በጋዝ ነበልባል አግሎ ድንገት በማቀዝቀዝ ያኮማትረዋል። በመዳፉ እየዳሰሰ፣ በሞረድ እየሞረደ ከፍታና ዝቅታውን ያድናል። የበሰበሰውን ቆርጦ ይጥልና በልኩ አዲስ ላሜራ ቀርጾ ይበይዳል። ይሄ ቀናት ይፈጃል። ሁለተኛው መንገድ ጉድጓዱን በስቱኮ ሞልቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ቀለም መርጨት ነው። ይሄኛው ከምሳ በኋላ ተጀምሮ ከመሸ በፊት ያልቃል።

ስቱኮ በራሱ ኃጢአት የለበትም። ላሜራው ተቀጥቅጦ ከተስተካከለ በኋላ የቀረችውን የመዶሻ ጠባሳ ለመሸፈን፣ ከሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ሳይበልጥ በስሱ ቢቀባ ማንም አይቃወምም። ችግሩ እንደ ዳቦ ሲጋገር ነው። ስቱኮ እንደ ብረት አይተጣጠፍም። መንገዱ ሲያንገጫግጨው ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ ዝገቱም ከሥር ማንም ሳያየው ሥራውን ይቀጥላል። ከሁለት ክረምት በኋላ ቀለሙ ያብጥና ይፈነዳል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የተባለው ለገበሬ ብቻ አይደለም።

«ይሄ የድህነት ጣጣ ነው፤ ፈረንጅ አገር ቢሆን...» የሚሉን አሉ። እስቲ ፈረንጅ አገር እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ የካሊፎርኒያ ወጣቶች አሮጌ ፎርድ በርካሽ እየገዙ፣ ትርፍ ክብደቷን እየቀነሱ፣ ሞተሯን እያጎለበቱ በደረቁ ሐይቆች ሜዳ ላይ ይሽቀዳደሙባት ነበር። «ሆት ሮድ» የሚባለው ነገር እንዲህ ተወለደ። የ1932ቷ ፎርድ እስከ ዛሬ የዚያ ዓለም ንግሥት ናት። በ1950ዎቹ የፕላስቲክ ስቱኮ ገበያ ሳይገባ በፊት ላሜራ የሚሞሉት በቀለጠ እርሳስ ነበር፤ የመጻፊያው ሳይሆን ማዕድኑ። ቅርጻቸው ተቀይሮ ብዙ እርሳስ ለተሸከሙት መኪኖች «ሌድ ስሌድ» የሚል ስም ወጣላቸው፤ የእርሳስ ተንሸራታች እንደማለት ነው። ስለዚህ መለሰን የኛ ፈጠራ አይደለም። ነገር ግን እዚያ አገር አሮጌ መኪና በደህና ዋጋ መሸጥ የሚፈልግ ሰው ባዶ ላሜራው ሲሠራ የተነሳውን ፎቶ ያሳያል። ገዢውም አሳየኝ ይላል። እኛ ጋ ግን ገዢው የሚጠይቀው «ቀለሙ የምን ኩባንያ ነው?» ብቻ ነው።

ነገሩ የመልክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጮኽን። የቮልስ አካል ወለሉ ላይ በብሎን የታሰረ ነው፤ አራቱም ፓራፋንጎዎች በብሎን ይፈታሉ። የፓራፋንጎ ጉድጓድ መልክ ያበላሻል፤ የወለል ዝገት ግን ነፍስ ይነካል። ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ አሲዱ ሲያፈስ የሚበላው ወለሉን ነው። ከበሮቹ ሥር በቁመት የሚሄዱት ባዶ ሳጥኖች የሞተሩን ሙቀት ወደ ፊት ያደርሳሉ፤ አካሉን የሚያጠነክሩትም እነሱ ናቸው። ቶሎ የሚበሰብሱትም እነሱ ናቸው። ወንበራችሁ የቆመው እዚያ ወለል ላይ ነው። ይህን በፋይበርና በስቱኮ ደፍኖ፣ ጥቁር ቀለም ረጭቶ፣ «ወለሏ ንጹሕ ነው» ብሎ መሸጥ ማጭበርበር ይባላል። ሌላ ስም የለውም።

ጋራዡን ብቻ ግን አንከስም። ባቲላሜራው «አሥር ቀን ስጡኝ» ሲል «ቅዳሜ ሰርግ አለብኝ» የሚለው ደንበኛው ነው። ለቀለም ሳይከራከር ከፍሎ ለመዶሻው ሲጠየቅ «ለመቀጥቀጥ ይሄ ሁሉ?» ብሎ የሚጮኸውም እሱ ነው። ዐፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያ እንዳይሰደብ በአዋጅ ከከለከሉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ። ስድቡ ቀርቶ ይሆናል፣ ንቀቱ ግን በዋጋ ድርድር ውስጥ አሁንም አለ። መቀጥቀጥ የማያበላ ከሆነ የትኛው ልጅ ይማረዋል? ሁሉም ወደ ስቱኮው ይሄዳላ!

«ገንዘብ የለኝማ» ለሚለን ወዳጃችንም መልስ አለን። እንግዲያው ፓራፋንጎው እንደጎደጎደ ይነዳ። ወይም ሶማሌ ተራ ወርዶ ደህና አሮጌ ፓራፋንጎ ይፈልግና በብሎን ይሰር። ያለችው ገንዘብ ወለሉ ላይ ትዋል።

ለምን አሁን? ምክንያቱም ሌላ ላሜራ አይመጣልንም። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ከፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2003 ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን የማይቀመስ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከለከለ። ያለችን እዚህ ያለችዋ ናት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ነው። የዚህች መኪና ታሪክ የኛም ታሪክ ነው፤ በስቱኮ ሥር ሲበሰብስ ዝም ብለን አናይም።

የምንለው አጭር ነው። የምታሳድሱ፦ ክፍያውን በየደረጃው ክፈሉ፤ ባዶውን ላሜራ በዓይናችሁ ሳታዩና በስልካችሁ ሳታነሱ ቀለም አይረጭ። የምትገዙ፦ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙ። አልያዝ ያለበት ላሜራ ስቱኮ በልቷል። በጣታችሁ አንኳኩ፤ ብረት ይጮኻል፣ ስቱኮ ያፍናል። ምንጣፉን ገልጣችሁ ወለሉን እዩ። ማግኔቱን ስታወጡ የሚቆጣ ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

የምትሸጡም፦ የተለሰነችውን የተለሰነች በሏት፤ በተለሰነች ዋጋ ሽጧት።