ከባሕር ማዶ የሚመጣው ሞያተኛና የቀጣሪው ግዴታ

አንድ ነጋዴ አዲስ መኪና ከባሕር ማዶ ገዝቶ ባስመጣ ጊዜ፣ ከመኪናው ጋራ መኪናውን የሚያውቅ ሰው እንዲመጣለት መፈለጉ የሚያስነቅፈው ነገር አይደለም። ቡና የሚለየው፣ ሰሊጥ የሚያበጥረው፣ ዘይት የሚጨምቀው መኪና በሣጥን ታሽጎ ከጅቡቲ ወደብ ይደርሳል፤ ዕውቀቱ ግን በሣጥን አይታሸግም። ስለዚህም ባለንብረቱ ደብዳቤ ጽፎ መሐንዲስ ያስመጣል፤ የመሳፈሪያውንና የማረፊያውን ዋጋ ይከፍላል፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዘንድም ስለ እንግዳው ኀላፊ ሆኖ ይቆማል። ብዙ ነጋዴዎች የሚዘነጉት ይህ ኀላፊነት ምን እንደሚያስከትል ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156፣ በአንቀጽ 176 እንደ ደነገገው፣ የውጭ አገር ዜጋ በኢትዮጵያ ተቀጥሮ ሊሠራ የሚችለው የሥራ ፈቃድ ሲኖረው ብቻ ነው። ፈቃዱም የሚሰጠው ለአንድ ለተለየ ዓይነት ሥራ፣ በመደበኛው ለሦስት ዓመት ሲሆን በየዓመቱ መታደስ አለበት። ሰውየው ለሥራው በእርግጥ የማያስፈልግ ሆኖ ከተገኘ ፈቃዱ ሊሠረዝ ይችላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180 ደግሞ፣ ባለሀብቱ ብቁ የሆኑ የውጭ ባለሞያዎችን እንዲቀጥር ከፈቀደ በኋላ፣ አስፈላጊውን ሥልጠና እየሰጠ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ በኢትዮጵያውያን እንዲተካቸው ግዴታ ያደርግበታል። እንግዲህ መንግሥት ከቀጣሪው የሚጠብቀው የትምህርት ማስረጃና የሥራ ውል ብቻ ሳይሆን ተተኪ ሰውም ነው ማለት ነው።

ነጋዴዎች በዚህ ጉዳይ የሚያሰሙት ቅሬታ መሠረት የሌለው አይደለም። መኪናው በመጋዘን ቆሞ የባንክ ወለድ ሲቆጠር፣ አንድ ማስረጃ ጐደለ ተብሎ ለሳምንታት መመላለስ ከባድ ኪሣራ ነው። ጉዳዩን የሚመለከተው መሥሪያ ቤት የሚፈለጉትን ወረቀቶች አስቀድሞ በግልጽ ቢያስታውቅና ለመልሱ ቀን ቈርጦ ቢሰጥ፣ ሥራው ይቃናል እንጂ ሕጉ አይላላም።

ይሁን እንጂ በደሉ በአንድ ወገን ብቻ አይደለም። ሰውየውን እንደ ጐብኚ አስገብቶ ያለ ፈቃድ በሥራ ላይ የሚያሰማራ ቀጣሪ አይታጣም። ከዚህ የባሰው ደግሞ የወረቀት ተተኪ ነው። የአንድ ወጣት ስም «ሠልጣኝ» ተብሎ በማመልከቻው ላይ ይጻፋል፤ ወጣቱ ግን ቀኑን የሚያሳልፈው ለመሐንዲሱ ሲያስተረጕም፣ ቍልፍ ሲያቀብልና ሻይ ሲያስመጣ ነው። ዓመቱ አልቆ መሐንዲሱ ወደ አገሩ በተመለሰ በወሩ መኪናው ይቆማል። ጉድለቱ ምናልባት ግማሽ ሰዓት የማያስፈታ ሊሆን ይችላል፤ የሚያውቀው ሰው ግን ባሕር ማዶ ነው። እንደ ገና ደብዳቤ ይጻፋል፤ እንደ ገና የውጭ ምንዛሪ ይፈለጋል። በዚህ ጊዜ የተታለለው መንግሥት ሳይሆን ያው ነጋዴ ራሱ ነው።

ተተኪን ማሠልጠን ጥቅሙ ምን እንደ ሆነ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1945 ሲቋቋም አብራሪዎቹና መካኒኮቹ ከአሜሪካ የመጡ ነበሩ። በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አዛዥ አብራሪ ሆኑ፤ በ1971 ደግሞ ኮሎኔል ሥምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ዛሬ ያው ድርጅት የሌሎችን አገሮች ወጣቶች ተቀብሎ ያሠለጥናል። የአዲስ አበባና የጅቡቲ አዲሱ የባቡር መሥመርም፣ ቻይናውያን ለስድስት ዓመታት ካንቀሳቀሱት በኋላ በ2016 ዓ.ም. አመራሩ ለሁለቱ አገሮች ተላልፏል። ለሰው ቢናገሩ ለእኔ ብለህ ስማ እንደሚባለው፣ ይህ ምሳሌ ለአንድ መጋዘንና ለአንድ መኪና ባለቤትም ይሠራል።

ጊዜውም ቸልታን የሚፈቅድ አይደለም። በዚያው በ2016 ዓ.ም. የገቢ፣ የወጪ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ በተወሰኑ ግዴታዎች ለውጭ ባለሀብቶች ተከፍቷል። የሚመጣው ተወዳዳሪ ገንዘብና ልምድ ይዞ ይመጣል። የኢትዮጵያ ነጋዴ ሊመክተው የሚችለው ሞያ የለመዱ የራሱ ሰዎች ሲኖሩት ነው።

ስለዚህ ቀጣሪው ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት ሰውየው በእውነት የሚያስፈልግ መሆኑን ይመርምር፤ ሞያው በአገር ውስጥ እያለ ከውጭ መጥራት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነውና። በውጭ አገር የሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ባለሞያዎችም እንዳሉ ያስብ፤ በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት መታወቂያውን የያዙት ያለ ሥራ ፈቃድ ተቀጥረው ሊሠሩ ይችላሉ። የግድ የውጭ ሰው ካስፈለገ ደግሞ፣ ማስተማር የሥራው አንድ ክፍል መሆኑ በውሉ ይጻፍ፤ የመጨረሻው ክፍያም ሠልጣኙ መኪናውን በባለቤቱ ፊት ፈትቶ በገጠመ ቀን ይከፈል።

አንዳንዱ ነጋዴ፣ «አሠልጥኜው ወደ ጎረቤቴ ቢሄድብኝስ?» ብሎ ይፈራል። ፍርሃቱ የሚገባ ነው፤ መድኀኒቱ ግን ወጣቱን አላዋቂ አድርጎ ማስቀረት ሳይሆን፣ ሞያው ባደገ መጠን ደመወዙን ማሳደግ ነው። ለእንግዳው ከሚከፈለው ጥቂቱ ብቻ ቢጨመርለት የሚቆይ ሰው ብዙ ነው። ፈቃዱን የሚያድሰው ሹምም በዓመቱ መጨረሻ የሠልጣኙን ስም ከማንበብ ይልቅ ሠልጣኙን ራሱን አስጠርቶ ቢጠይቅ፣ የወረቀት ተተኪ በአንድ ዓመት ውስጥ በጠፋ ነበር።

የውጭ አገር ሞያተኛ ደመወዙን ተቀብሎ በክብር ይሸኛል። ቀጣሪው ግን በተሸኘበት ማግሥት መኪናውን የሚያስነሣለት ማን እንደ ሆነ፣ እንግዳው በገባበት ዕለት ሊያውቅ ይገባዋል።