ወንበር የትጋት ምስክር አይደለም

በብዙ መሥሪያ ቤቶች ትጋት የሚለካው ከወንበር ባለመነሣት ነው። ጠዋት ገብቶ እስከ ማታ ከኮምፒውተሩ ፊት ያልተነቃነቀ ሠራተኛ ይመሰገናል፤ በየሰዓቱ ብድግ ብሎ ወዲያ ወዲህ የሚል ግን ሥራ ፈት ተብሎ በጎሪጥ ይታያል። ሳይንስ ይህን ሚዛን መጠራጠር ከጀመረ 70 ዓመት አልፎታል።

እ.ኤ.አ. በ1953 ብሪታንያዊው ሐኪም ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቹ በላንሴት የሕክምና መጽሔት ያወጡት ጥናት የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞች ያነጻጸረ ነበር። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ከሚያሽከረክሩት ሾፌሮች ይልቅ፣ ደረጃውን ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ትኬት ቆራጮች በልብ ሕመም እምብዛም አይጠቁም ነበር። እየተዘዋወሩ ደብዳቤ በሚያድሉና ቢሮ በሚውሉ የፖስታ ሠራተኞች መካከልም ተመሳሳይ ልዩነት ታየ። ሞሪስ በዚህ ሳይረካ የአውቶቡስ ሠራተኞቹን የደንብ ልብስ ልክ ቢመረምር፣ ሾፌሮቹ ወገባቸው የሰፋ ሆኖ አገኘው፤ የልዩነቱ ምክንያት አንድ ብቻ እንዳልሆነም አመለከተ። ከዚያ ወዲህ የተካሄዱ በርካታ ጥናቶች ዋናውን ሐሳብ አጽንተውታል።

ጤናስ ይሁን፤ የሥራ ውጤትስ? እዚህ ላይ ማስረጃው ጥንቃቄ ይሻል። እ.ኤ.አ. በ2014 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት፣ ሰዎች ሲራመዱ ከተቀመጡበት ጊዜ ይልቅ ብዙ አዳዲስ ሐሳብ እንደሚያፈልቁ አሳይቷል። አንድ ትክክለኛ መልስ ብቻ ባለው ጥያቄ ላይ ግን መራመድ ይህን የመሰለ ጥቅም አላስገኘም። እንግዲህ እንቅስቃሴ ሁሉንም ሥራ ያቃናል ማለት አይቻልም። ነገር ግን ዕቅድ ከሚነድፍ፣ መፍትሔ ከሚሻ ባለሙያ የሚጠበቀው ሐሳብ ከሆነ፣ ከወንበሩ የተነሣበትን ደቂቃ እንደ ባከነ መቁጠር ስሕተት ነው።

«ስፖርት ከሥራ ሰዓት ውጭ ይሠራ» የሚል አሠሪ አይጠፋም። ይህ ምክር የሚሠራው የራሱ ጊዜ ላለው ነው። በዋሽንግተንም ሆነ በፍራንክፈርት ከአንድ ሥራ ወደ ሌላው የሚሮጥ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት የሚያመጣ ወላጅ ከሥራ በኋላ የሚተርፈው ሰዓት ጥቂት ነው። ደግነቱ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ሲመክር፣ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይቆይ የሚለውን የቀድሞ ገደብ አንሥቷል። ደረጃ መውጣትም፣ ስልክ እየተነጋገሩ መራመድም ይቆጠራል።

ከአሠሪ የሚፈለገው ገንዘብ ሳይሆን ፈቃድ ነው። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1928 የተጀመረውን የሬዲዮ ጂምናስቲክ ዛሬም ሠራተኞቻቸው አብረው የሚሠሩባቸው ድርጅቶች አሉ። አዲስ አበባም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በ«መንገድ ለሰው» አንዳንድ እሑዶችን ለእግረኛ ከፍታለች። እሑድ የተፈቀደው እንቅስቃሴ ሰኞ በቢሮ የሚያስነቅፍ ከሆነ ግን ትርፉ ምንድን ነው?

«ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል» ይላል አበው። በወንበር ላይ ዓመታት ያከማቹትን ሕመምም ጡረታ ወጥቶ ለማራገፍ እንዲሁ ይቸግራል። አለቆች ሠራተኛቸውን በተቀመጠበት ሰዓት ሳይሆን በሠራው ሥራ ይመዝኑት፤ ራሳቸውም ቀድመው ከወንበራቸው ይነሡ።