አሥራ ስምንት ዓመት ሞላው፤ ከዚያስ?

በዚህ ወር ስለ የቲሞች እንነጋገራለን፤ ስለ ሕፃናቱ ግን አይደለም። ለሕፃን የቲም ሁሉም ያዝናል፤ ለዒድ ልብስ የሚገዛለት አይጠፋም። የዛሬው ጥያቄያችን፣ በማሳደጊያ ድርጅት ያደገው ልጅ ጎርምሶ ሻንጣውን ይዞ ከግቢው በሚወጣበት ቀን ማን ከጎኑ ይቆማል የሚል ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ያልሞላውን ሰው ለአካለ መጠን አልደረሰም ይለዋል። ማሳደጊያዎችም ብዙውን ጊዜ ልጆቹን የሚያሰናብቱት በዚሁ ዕድሜ አካባቢ ነው። እናት አባት ያለው ልጅ ግን በ18 ዓመቱ ከቤት ውጣ አይባልም። ሥራ እስኪይዝ፣ አንዳንዴም እስኪያገባ ከወላጆቹ ጋር ይኖራል። ቢወጣም ሽሮውና በርበሬው ይላክለታል፤ ሲቸግረው ተመልሶ በሩን ያንኳኳል። ታዲያ ማንም የሌለውን ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ ራስህን ቻል ማለት እንዴት ፍትሕ ይሆናል?

ቁርኣን በዚህ ረገድ ሥርዓት አስቀምጦልናል። ሱረቱ አን-ኒሳእ፣ 6ኛው አንቀጽ፣ የቲሞች ለጋብቻ ዕድሜ እስኪደርሱ እንዲፈተኑ፣ አስተዋይነት ሲታይባቸው ገንዘባቸው እንዲሰጣቸው፣ በርክክቡም ላይ ምስክር እንዲቆም ያዛል። ዑለሞች ከዚህ ተነሥተው ቡሉግንና ሩሽድን ለይተዋል። ቡሉግ በአካል መድረስ ሲሆን ሩሽድ ገንዘብን በአግባቡ የማስተዳደር ብስለት ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው አይበቃም። ስለ ፈተናውም የነጋዴ ልጅ በመግዛትና በመሸጥ ይፈተናል ያሉ አሉ። ፈተናው እንግዲህ ገንዘብ ይዞ ገበያ መውጣት ነው። አንቀጹ የሚናገረው ስለ የቲም ንብረት ነው። ውርስ የሌለው የማሳደጊያ ልጅ ግን በአንድ ቀን የሚረከበው ሙሉ ኑሮውን ነውና፣ አስቀድሞ መለማመድ ለእርሱ ይበልጥ ያስፈልገዋል።

በማሳደጊያ ውስጥ ምግብ በሰዓቱ ይቀርባል፤ የመብራትና የውኃ ሒሳብ የሚከፍለው ቢሮው ነው። ከማስተምራቸው ተማሪዎች መካከል እንዲህ ያደጉ አሉ። የሒሳብ ጥያቄ በፍጥነት ይሠራሉ፤ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ስንት ነው ስላቸው ግን ዝም ይላሉ። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ገበያ የላካቸው ሰው ስለሌለ ነው። ስለዚህ ከመውጣታቸው አንድ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የሳምንት አስቤዛ ገንዘብ ይሰጣቸው፤ ራሳቸው ገዝተው ያብስሉ። ገንዘቡ ሐሙስ ላይ ቢያልቅባቸው፣ ያለቀው የሚመክራቸው ሰው ባለበት ቤት ነው። በ2002 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የተቀበለው የሕፃናት አማራጭ እንክብካቤ መመሪያም ዝግጅቱ አስቀድሞ እንዲጀመር፣ ከወጡም በኋላ ክትትሉ እንዲቀጥል ያሳስባል።

ቀጥሎ የወረቀቱ ጉዳይ ነው። የልደት የምስክር ወረቀት፣ የነዋሪነት መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ የትምህርት ማስረጃና የባንክ ደብተር ልጁ ግቢውን ሳይለቅ በእጁ ይግቡ። ከወጣ በኋላ ለእያንዳንዱ ደብዳቤ ደጅ መጥናት የሥራ ቀኑን ይበላበታል።

የቤት ኪራይም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320፣ ተፈጻሚ በሚሆንባቸው ከተሞች፣ ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ደግሞ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ይህን የማያውቅ ወጣት ደላላው የጠራለትን ሁሉ ይከፍላል። ስለዚህ ከመፈረሙ በፊት አንድ ትልቅ ሰው አብሮት ሄዶ ቤቱን ይይለት፤ የውኃና የመብራት ክፍያው እንዴት እንደሚታሰብ ይጠይቅለት። ለብቻ መከራየት ከአቅም በላይ ከሆነም፣ ጠባያቸውን የሚተዋወቁ ሁለት ሦስት ጓደኛሞች አንድ ላይ ቢኖሩ ይቀላል።

የእህቶቻችን ነገር ደግሞ የባሰ ጥንቃቄ ይሻል። መግቢያ ያጣችን ልጅ ቶሎ ድረን እንገላገል የሚሉ አሉ። ኒካሕ ታላቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ማደሪያ ስላጣች ብቻ የምታገባ ልጅ ባሏ ቢበድላት ወዴት ትሄዳለች? መጀመሪያ ቤተሰብ ባለበት ግቢ ውስጥ ደኅና ክፍል ትያዝላት፤ ከዚያ በኋላ የምታገባውን በእርጋታ ትመርጣለች።

እናንተ ወላጆች፣ ከእናንተ የሚጠበቀው ብዙ ገንዘብ አይደለም። ግቢያችሁ ውስጥ ሰርቪስ ክፍል ካላችሁ በተመጣጣኝ ዋጋ አከራዩ። ችግረኛ ለሆነው ወጣት ከዘካችሁ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ድስትና ጀሪካን ሊሟላለት ይችላል። ብዙ ቀጣሪዎች ዋስ ይጠይቃሉ፤ አጎትም አክስትም የሌለው ልጅ በዚህ ምክንያት ያገኘው ሥራ ያመልጠዋል። ዋስትና ዕዳ ሊያመጣ ስለሚችል ልጁን ቀርባችሁ እወቁት፤ የምትፈርሙበትን የገንዘብ ልክም አንብቡ፤ ካመናችሁበት ግን ፈርሙለት። የየመስጂዱ ጀመዓም እንዲህ ያለውን ወጣት ከአንድ ቤተሰብ ጋር ቢያስተዋውቀው፣ ሲታመም የሚደውልለት፣ ዒድ ሰግዶ ሲመለስ የሚገባበት ቤት ያገኛል።

አንተም ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ ራስን መቻል ማለት ማንንም አለመጠየቅ አይደለም። ወላጅ ያለውም ይጠይቃል። ገንዘባችሁ ሳያልቅ፣ ኪራዩ ሳይጠራቀም፣ በጊዜ ተናገሩ።

አላህ (ሱ.ወ.) አማናችንን የምንወጣ ያድርገን። ወቢላሂ ተውፊቅ።