የታመመ ወታደር ይግባኝ

አገሩን ሲያገለግል በጥይት የቆሰለ ሰው ማስረጃው በገላው ላይ ይታያል። በአገልግሎቱ ምክንያት በሽታ ያደረበት ወታደር ግን ሕመሙ ብዙ ጊዜ ከዓመታት በኋላ ስለሚገለጥ፣ መነሻውን አስረዳ በተባለ ጊዜ ይቸገራል። የዚህን ችግር ክብደት ለመረዳት በአሜሪካ ባሕረኞች ላይ የደረሰውን መመልከት ይበቃል።

በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1962 እስከ 1971 ድረስ የአሜሪካ ጦር በቬትናም ላይ ኤጀንት ኦሬንጅ የተባለውንና ሌላም ቅጠል የሚያረግፍ መርዝ ረጨ። በ1991 የወጣው ሕግ፣ በዚያ አገር ያገለገለ ወታደር ከተመለከቱት በሽታዎች አንዱ ቢይዘው፣ መርዙ እንደ ነካው ተቆጥሮ ካሳ እንዲያገኝ ፈቀደ። ይሁን እንጂ የቀድሞ ወታደሮችን ጉዳይ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት በ2002 ሕጉን አጥብቦ ተረጐመና፣ የቬትናምን ምድር ያልረገጠውን፣ በወንዞቿም ያልተጓዘውን ባሕረኛ ከዚህ መብት አስወጣው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2008 ይህንኑ አጸና።

ነገሩ ግን በዚህ አልተዘጋም። አንድ ባሕረኛ ደጋግሞ ቢከለከልም ይግባኙን ስላልተወ፣ ያው ፍርድ ቤት በ2019 የቀድሞ ፍርዱን ሽሮ፣ የአገሪቱ ግዛት እስከ 12 የባሕር ማይል ያለውን ባሕሯን ይጨምራል ሲል ፈረደ። በዚያው ዓመትም ይህን መብት የሚያጸና ሕግ ወጣ። ብዙዎች ግን ይህን ቀን ሳያዩ ሞተዋል።

ዛሬ በዚያ አገር ካሳ የተከለከለ ወታደር 3 መንገዶች አሉት። አዲስ ማስረጃ ያገኘ ማመልከቻውን ያድሳል፤ ማስረጃዬ በስሕተት ተመዝኗል የሚል በከፍተኛ ሹም እንዲመረመርለት ይጠይቃል፤ ወይም ለይግባኝ ጉባኤው ያመለክታል። 1 ዓመት ካሳለፈ ግን የኋለኞቹ ሁለቱ ይዘጉበታል። ስለዚህ ነጋዴ ደረሰኙን እንደሚጠብቅ ሁሉ፣ አመልካችም የሐኪሙን ወረቀትና የአገልግሎት መዝገቡን ሊጠብቅ፣ ቀኑንም ሊቈጥር ይገባዋል።

ለአስተዳዳሪዎች የምናሳስበው ሌላ ነው። የአሜሪካ ሕግ ማስረጃው በሁለቱም ወገን ሲተካከል፣ ጥርጣሬው ለወታደሩ እንዲጠቅም ያዛል። ይህ ትእዛዝ የሚፈጸመው ሹሙ መዝገቡን አሟልቶ ሲይዝና የክልከላውን ምክንያት ገልጦ ሲጽፍ ነው። ይግባኝ ማለት መንግሥትን መክሰስ ወይም ውለታ መርሳት አይደለም፤ ሕጉን በሕግ መጠየቅ ነው። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይላል የአገራችን ሰው፤ ጤናውን ለአገሩ የሰጠ ወታደር ደግሞ ያጣው ከጭብጦም ከበቅሎም ይበልጣል።