በመዝገብ የተጻፈና በክፍል የተገኘ፤ የሰሜን ምሥራቅ ኬንያ የተማሪዎች ቁጥር ሲመረመር

በጦር ሠራዊት ውስጥ ያገለገለ ሰው ሁሉ ሁለት ዓይነት ቁጥር እንዳለ ያውቃል። አንደኛው በመዝገብ የሰፈረው የክፍሉ ኃይል ነው፤ ሁለተኛው ማለዳ ስም ሲጠራ «አቤት» ብሎ በሰልፍ ላይ የሚገኘው ነው። በሁለቱ መካከል በሆስፒታል የተኛው፣ በፈቃድ የሄደው፣ በሌላ ግዳጅ የተላከው፣ አንዳንዴም ጨርሶ የሌለውና በስሙ ቀለብ ብቻ የሚወጣለት ሰው ይገኛል። በመጀመሪያው ቁጥር ተመክቶ ግዳጅ የሚያቅድ አዛዥ ምን እንደሚያጋጥመው ለሠራዊቱ አባላት ማስረዳት አያስፈልግም። ለከተማው ነዋሪ አንባቢያችን ግን ይህንኑ ነገር በትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ልናሳይ እንወዳለን።

በምሥራቅ አፍሪካ መንግሥታት ዘንድ የትምህርት መስፋፋት የሚለካው ብዙውን ጊዜ በተመዝጋቢ ተማሪዎች ብዛት ነው። ሚኒስትሮች የሚያሰሙት መግለጫ፣ ለጋሾች የሚጠይቁት ሰነድ፣ ጋዜጦችም በጉልህ የሚያትሙት ርእስ ይኸው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሐሰት ነው አንልም። ነገር ግን ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር ሳይመረመር ሊታመን አይገባውም። ለምርመራችን የመረጥነው ከአገራችን ደቡባዊ ወሰን ማዶ የሚገኘውን ሰሜን ምሥራቅ ኬንያን ነው። የጋሪሳ፣ የዋጂርና የማንዴራ ካውንቲዎች እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሥራ ላይ እስኪውል ድረስ በአንድ ክፍለ ሀገር ሥር የነበሩ ናቸው። ሕዝቡ በአብዛኛው ግመል፣ ከብት፣ በግና ፍየል አርቢ የሆነ ሶማሌ ሲሆን፣ ገሬውም ሆነ ደጎዲያው በወሰኑ በሁለቱም በኩል ዘመድ አለው። በድንበር ግዳጅ የቆዩ ወታደሮቻችን አገሩን በዓይናቸው ያውቁታል። በዚህ ጽሑፍ ስለ ኬንያ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ኬንያ በተማሪ ቁጥር ረገድ ሁለት ታላላቅ ዝላዮች አድርጋለች። የመጀመሪያው በ1974 ነው። ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያለው የትምህርት ክፍያ እንዲቀር ባወጁ ማግስት፣ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ቁጥር በአንድ ዓመት ውስጥ ከ1.8 ሚሊዮን ወደ 2.7 ሚሊዮን ገደማ አሻቀበ። ሆኖም የክፍሉ ግድግዳና ጣራ ከየት ይምጣ ለሚለው ጥያቄ መልስ አልተዘጋጀም ነበር። ትምህርት ቤቶች በቀረው ክፍያ ፈንታ «የሕንፃ መዋጮ» እያሉ ከወላጅ መሰብሰብ ጀመሩ፤ መዋጮውም በብዙ ቦታ ከቀድሞው ክፍያ በለጠ። በደስታ የገባው ልጅ በዚያው በር ተመልሶ ወጣ። ሁለተኛው ዝላይ የፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪ መንግሥት በ2003 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በነጻ እንዲሆን በወሰነ ጊዜ የተደረገው ነው። ቁጥሩ ከ5.9 ሚሊዮን ወደ 7.2 ሚሊዮን ከፍ አለ፤ መንግሥትም ለእያንዳንዱ ተማሪ በዓመት 1,020 የኬንያ ሽልንግ መደበ።

በዚያው ሰሞን፣ በ2004፣ ኪማኒ ማሩጌ የተባሉ የ84 ዓመት አዛውንት በኤልዶሬት አንደኛ ክፍል ገብተው ከሕፃናት ጋር ፊደል መቁጠር ጀመሩ። የነጻነት ታጋይ የነበሩት እኒህ ሰው ዓለምን አስደንቀዋል፤ ለያዝነውም ጉዳይ ማስረጃ ይሆናሉ። የትምህርት ባለሙያዎች «ጥቅል ተሳትፎ» የሚሉት ስሌት ዕድሜ ሳይለይ በክፍሉ የተመዘገበውን ሁሉ ስለሚቆጥር፣ ማሩጌም በውስጡ አሉበት። «ንጥር ተሳትፎ» የሚባለው ግን ዕድሜው ለደረጃው የሚገባውን ልጅ ብቻ ይቆጥራል። ከመቶ ልጆች መቶ አሥር ተመዘገቡ የሚል ዘገባ ያነበበ ሰው የማተሚያ ቤት ስሕተት አይምሰለው።

ወደ ሰሜን ምሥራቁ እንመለስ። ሁለቱም ዝላዮች ያንን አካባቢ በሚገባው መጠን አልነኩትም። ክፍያ ማንሣቱማ በዚያ ከሌላው የአገሪቱ ክፍል ቀድሞ በ1971 ተደርጎ ነበር፤ ስለዚህ ዕንቅፋቱ ገንዘብ ብቻ አይደለም። የብሪታንያ ቅኝ አስተዳደር አካባቢውን ያለ ፈቃድ የማይገባበትና የማይወጣበት ዝግ ወረዳ አድርጎ ነበር የያዘው። ከነጻነት በኋላም ከ1963 እስከ 1967 የተካሄደው፣ ስሙን ከእኛም ቋንቋ የምናውቀው «የሽፍታ ጦርነት» መጣ፤ የአስቸኳይ ጊዜው ደንብ እስከ 1991 አልተነሣም። በዚህ ላይ በ1965 የወጣው «ቁጥር 10» የተባለው የመንግሥት የፖሊሲ ሰነድ፣ የልማት ገንዘብ ዝናብና ለም መሬት፣ መንገድና ኃይል ወዳለበት፣ ብዙ ትርፍ ወደሚያስገኝ ስፍራ እንዲያዘነብል አደረገ። በወረቀት ላይ ሲያዩት የኢኮኖሚ ስሌት ነው። በዋጂር ሲያዩት ግን ትምህርት ቤቱም መንገዱም ወረፋ ይጠብቅ ማለት ነበር።

የወቅቱም ነገር አለ። የኬንያ የትምህርት ዘመን ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የሚከፈተው በጥር ነው። ጥር በሶማሌ አርብቶ አደር ዘንድ «ጂላል» የሚባለው የደረቅ ወራት መካከል ነው። ቤተሰቡ ውሃ በማይነጥፍበት ጉድጓድ ዙሪያ ይሰባሰባል፤ ትምህርት ቤቱም ብዙውን ጊዜ ከዚያው አጠገብ ነው። ለምዝገባ የሚመች ጊዜ ይመስላል። ይሁንና ውሃ የመቅዳቱና መንጋ የመንዳቱ ሥራ የሚከብደውም በዚሁ ወቅት በመሆኑ የተመዘገበው ልጅ ሁሉ ቁጭ ብሎ አይማርም። በሚያዝያ ገደማ «ጉ» የሚባለው ዝናብ ሲወርድ ደግሞ ሰፈሩ ተነሥቶ ወደ ግጦሽ ይበተናል። በጥር መቶ ስም የያዘ ክፍል በግንቦት ስንት ልጅ እንደሚኖረው የሚወስነው ደመናው ነው። ዝናቡ ጨርሶ ሲቀር የባሰ ነው፤ ከ2020 እስከ 2022 አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ በከሸፉ ጊዜ መንጋው አለቀ፣ ሰፈሩ ፈለሰ፣ ልጁም ከትምህርት ገበታው ተነሣ። ይህንን ለመቋቋም ከመንጋው ጋር የሚዘዋወሩ ትምህርት ቤቶችና አነስተኛ አዳሪ ቤቶች ተሞክረዋል፤ በ2013 በወጣው የትምህርት ሕግም የዘላኖችን ትምህርት የሚከታተል ብሔራዊ ምክር ቤት ተቋቁሟል። ሐሳቡ መልካም ነው። ተዘዋዋሪ ትምህርት ቤት ግን ተዘዋዋሪ መምህር ይፈልጋል፤ ወደዚህ ጉዳይ በኋላ እንመለሳለን።

ቁጥሩን የሚያሳብጡ ምክንያቶችም አሉ። ገንዘብ በተማሪ ራስ የሚከፈል ከሆነ ለርእሰ መምህሩ የአንድ ስም መሠረዝ የጠመኔና የመጽሐፍ መቀነስ ነው። ስሙን ቢያቆየው ሌባ ልንለው እንቸኩላለን፤ ከመቶ ተማሪ በታች ያለው ድኻ ትምህርት ቤት ግን በዚያ ገንዘብ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ማስላትም ይገባል። ምግብም እንዲሁ ነው። የዓለም የምግብ ፕሮግራም ከ1980 ጀምሮ በኬንያ ትምህርት ቤቶች ምሳ ሲያቀርብ ቆይቶ በ2018 ሥራውን ለመንግሥት አስረክቧል። ምግብ ባለበት ወር ልጅ ይመጣል፤ ጎተራው ሲራቆት ይቀራል። ከ1991 ጀምሮ በጋሪሳ በተቋቋሙት የዳዳብ የስደተኞች ሰፈሮች ደግሞ ችግር ያስገደዳቸው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኬንያውያን ራሳቸውን ስደተኛ ብለው ማስመዝገባቸው በመንግሥትም የታመነ ነው። እንዲህ ያለው ቤተሰብ ልጅ በየትኛው መዝገብ ይቆጠር?

በአንጻሩ ደግሞ ቁጭ ብሎ እየተማረ የማይቆጠር ልጅ አለ። መንግሥት በቅርብ ዓመታት ያቋቋመው የኤሌክትሮኒክ የተማሪዎች መዝገብ የልደት የምስክር ወረቀት ይጠይቃል። በጉዞ ላይ፣ ከግመል ጥላ ሥር የተወለደ ልጅ ይህን ወረቀት ከየት ያመጣዋል? በዚህም ላይ የአካባቢው ሕዝብ ስም መመዝገብን በጥርጣሬ የሚያይበት ታሪክ አለው። በየካቲት 1984 በዋጂር አጠገብ በምትገኘው ዋጋላ፣ የመንግሥት ኃይሎች የደጎዲያ ጎሣ ወንዶችን በአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ሰብስበው ፈጅተዋል፤ መንግሥት ሟቾቹ 57 ናቸው ቢልም የአካባቢው ሰዎች ቁጥሩን እጅግ ከፍ ያደርጉታል። በ1989 ደግሞ በኬንያ የሚኖሩ ሶማሌዎች ብቻ ተለይተው ዜግነታቸው እንዲጣራ ታዟል። እኛ ራሳችን የጦር ሰዎች ነንና ይህን ስንጽፍ ቀላል አይደለም። ዳሩ ግን ሠራዊት በአንድ ሜዳ ላይ የፈጸመው ነገር ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ በትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ባዶ መስመር ሆኖ እንደሚታይ ወታደር ከማንም ይልቅ ሊያውቀው ይገባል።

የተማሪው ቁጥር ትክክል ነው ብንል እንኳ በመቶኛ ለማስላት የልጆቹ ጠቅላላ ብዛት መታወቅ አለበት። በ1999 ቆጠራ የሰሜን ምሥራቅ ክፍለ ሀገር ሕዝብ 962,143 ነበር። በ2009 ቆጠራ 2,310,757 ሆነ። በአሥር ዓመት ሕዝብ ከሁለት ዕጥፍ በላይ ይጨምራልን? መንግሥት በ2010 ውጤቱን ሲያስታውቅ በሰሜን ከሚገኙ ስምንት ወረዳዎች የመጣውን ቁጥር አልቀበልም አለ፤ ጉዳዩም ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። የአካባቢው መሪዎች ቀድሞ ሳንቆጠር ስለቀረን ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ የምክር ቤት ወንበርና ከመንግሥት የሚከፋፈለው ገንዘብ በሕዝብ ብዛት ስለሚሰላ ተጋንኗል ይላሉ። የትኛውም እውነት ቢሆን በትምህርቱ ስሌት ላይ የሚያመጣው ለውጥ ግልጽ ነው። ሠላሳ ተማሪ ከመቶ ልጅ ሠላሳ በመቶ ነው፤ ልጆቹ ሁለት መቶ ናቸው ከተባለ አሥራ አምስት በመቶ ይሆናል። አንድም ልጅ ከክፍል ሳይወጣ ተሳትፎው በግማሽ «ወረደ» ማለት ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን የመምህሩ ጉዳይ ነው። አካባቢው በቂ መምህር አላፈራም፤ ያልተማረ ትውልድ መምህር አያወጣምና። ስለዚህ አስተማሪዎቹ በአብዛኛው ከደቡብና ከመካከለኛው ኬንያ የሚመደቡ፣ ቋንቋውን የማያውቁ፣ ሃይማኖታቸውም የተለየ ወጣቶች ነበሩ። አል ሸባብ ይህችን ደካማ ሥፍራ ለይቶ መታ። ኅዳር 22 ቀን 2014 ከማንዴራ ለዕረፍት ይሄድ የነበረ አውቶቡስ ላይ 28 ተሳፋሪዎች ሲገደሉ ከመካከላቸው ብዙዎቹ መምህራን ነበሩ። ሚያዝያ 2 ቀን 2015 በጋሪሳ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ 148 ሰዎች አለቁ። በጥር 2020 ጋሪሳ ውስጥ ካሙቴ በተባለች ሥፍራ ሦስት መምህራን ከተገደሉ በኋላ፣ የመምህራን አገልግሎት ኮሚሽን ከሌላ አካባቢ የመጡ መምህራንን ከሦስቱ ካውንቲዎች በብዛት አዛወረ።

ኮሚሽኑን ለመውቀስ አንደፍርም። ያልታጠቀ ሠራተኛን ለሞት አሳልፎ መስጠት ትዕዛዝ ሊሆን አይችልም። ነገር ግን የሆነውን እንመልከት። ሁለተኛ ደረጃን ገና የጨረሱ የአካባቢው ወጣቶች በአነስተኛ አበል ክፍሎቹን ተረከቡ። በአንዳንዱ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህሩ ብቻውን ቀረ። አስተማሪ የሄደበት ክፍል ተማሪ ወዲያው ከመዝገብ አይሠረዝም፤ ስሙ እንዳለ ይቀመጣል፣ በድምሩም ይገባል፣ ወደ ናይሮቢም ይላካል። ጠላት አንድም ትምህርት ቤት ሳያቃጥል፣ የተማሪውንም ቁጥር ሳይቀንስ ትምህርቱን አስቆመ። ይህን ድል የሚያሳይ ዓምድ በሪፖርቱ ላይ የለም። የአካባቢው ተወላጅ ወጣት በአስቸኳይ ለመምህርነት ይሠልጥን፣ የመግቢያ ውጤቱም ዝቅ ይበልለት የሚለው ክርክር የተነሣው ከዚህ ነው፤ በእኛ አስተያየት ከጥራት አንጻር የሚነሣው ተቃውሞ ፍሬ ቢኖረውም፣ ዝቅተኛ ውጤት ያለው መምህር ከሌለ መምህር ይሻላል።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው በጎረቤት ላይ ጣት ለመቀሰር አይደለም። በአገራችንም በወታደራዊው መንግሥት ዘመን የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ቁጥር በ1967 ዓ.ም. ከነበረበት 957,300 ገደማ በ1978 ዓ.ም. ወደ 2,450,000 ተጠግቷል፤ የልጃገረዶች ድርሻ በሁሉም ደረጃ ከ32 በመቶ ወደ 39 በመቶ አድጓል። ይህ የሚናቅ ሥራ አልነበረም። ሆኖም በ1967 ለአንድ መምህር 44 የነበረው ተማሪ በ1975 ዓ.ም. 54 ደርሶ ነበር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻውም ማንበብና መጻፍ የሚችለውን ሕዝብ 63 በመቶ አድርሷል ሲባል፣ ከውጭ ሆነው የገመቱ ሰዎች ከአርባ በመቶ በታች ያደርጉት ነበር። በዚያ ዘመን ጋዜጦች የትኛው ቁጥር በጉልህ ይታተም እንደነበር አንባቢ ያስታውሳል።

በኬንያ ይበልጥ የሚታመን መለኪያ ነበረ፤ እርሱም የስምንተኛ ክፍል ማጠናቀቂያ ፈተና ነው። ለፈተና የሚቀርብ ልጅ በአካል ተቀምጦ፣ በፈታኝ ፊት ስሙን ጽፎ ነውና የሚቆጠረው፣ ከማለዳ ስም ጥሪ ጋር ይመሳሰላል። በ1985 የተጀመረው ይህ ፈተና በ2023 ለመጨረሻ ጊዜ ተሰጥቶ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ተተክቷል። የሕዝቡ ቁጥር ክርክርም አልተዘጋም። በነሐሴ 2019 የተካሄደው ቆጠራ ማንዴራን 867,457፣ ጋሪሳን 841,353፣ ዋጂርን 781,263 ቢያደርጋቸውም፣ በጋሪሳ የተሰየመው ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጥር 2025 ውጤቱን ሽሮ እንደገና እንዲቆጠር አዟል። በዚያ ነሐሴ የስድስት ዓመት ልጅ የነበረ፣ አንደኛ ክፍል ሊገባ የሚገባው የማንዴራ እረኛ፣ ፍርዱ ሲነበብ አሥራ አንድ ዓመቱን አልፎ ነበር።